አቡነ ማስያስ፦ በእርጅና የተጻፈ ትዝታ

ከደጋንና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጥተን መንገዳችንን ወደ ሰሜን ስንቀጥል ቦሩ ሜዳን እናገኛለን። በዚህ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1878 ዓፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ ተካሄደ። የአገሪቱን እምነት አንድ የማድረጉ አሳብ በረታ፤ በተከታዩም ዓመት በሸዋ ይኖሩ የነበሩት ጳጳስ ጉሊየልሞ ማሳያ ከአገር እንዲወጡ ታዘዙ። ሕዝቡ አቡነ ማስያስ ይላቸው ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 70 ዓመት ነበር።

አቡነ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1809 በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፒዮቫ መንደር ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ ካፑቺን ማኅበር ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። እ.ኤ.አ. በ1849 በምጽዋ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን፣ ማለትም አቡነ ያዕቆብን፣ በጵጵስና ቀቡ። መንገድ ሲዘጋባቸው የነጋዴ ልብስ ለብሰው ተጓዙ። በጉድሩና በከፋ አስተማሩ፤ ከከፋም ተባረሩ። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ ሸዋ ገብተው፣ አዲስ አበባ ገና ሳትቆረቆር፣ በፊንፊኔ የሚስዮን ጣቢያ መሠረቱ።

ወንጌልን ከመስበክ ጋር ሕዝቡን ከፈንጣጣ ለማዳን ይከትቡ ስለ ነበር አባ ፈንጣጣ የሚል ስም ወጣላቸው። አንድ ጳጳስ በበሽታ ስም መጠራቱ ፈገግ ያሰኛል። እርሳቸው ግን እንደ ስድብ አልቆጠሩትም፤ በኋላም በመጽሐፋቸው ሳይደብቁ ጻፉት። በራሱ ስም ፈገግ ማለት የሚችል ሰው፣ ዘመን ማዕረጉን ሲቀንስበት ብዙ አይጎዳም።

በ70 ዓመታቸው የብዙ ዓመት ሥራቸውን ትተው፣ በደብረ ታቦርና በሱዳን በረሃ አልፈው አገራቸው ገቡ። ጤናቸው ደክሞ ነበር፤ ሹመታቸውንም አስረከቡ። በሰው ዓይን ሥራቸው ያለቀ ይመስል ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ግን ያዩትንና የሠሩትን እንዲጽፉ አዘዟቸው። ሽማግሌው ታዘዙ፤ በአብዛኛው ከትዝታቸው እየቀዱ ጻፉ። የመጀመሪያው ጥራዝ እ.ኤ.አ. በ1885 ሲወጣ 76 ዓመታቸው ነበር፤ በ1884 ካርዲናል ተብለው ነበርና ማዕረጉም ከብዕራቸው አላራቃቸውም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1889 በ80 ዓመታቸው ዐረፉ። የመጨረሻው፣ 12ኛው ጥራዝ የታተመው ከዚያ 6 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቤተ ክርስቲያን ክርስቲያናዊ ምግባራቸውን በጀግንነት መኖራቸውን አጸደቀች።

በዚያ መጽሐፍ ስለ ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን የተጻፈው አንዳንዱ የዘመኑ ጠብ ያለበት ስለ ሆነ ዛሬ የምንደግመው አይደለም። የዕድሜ ባለጸጋም ይሳሳታል። ቢሆንም ያ ትዝታ ባይጻፍ ኖሮ ስለ አባቶቻችን አኗኗር ብዙ ነገር በጠፋ ነበር።

በየቁምስናችን ጉልበታቸው የደከመ፣ ከእንግዲህ ምን እጠቅማለሁ የሚሉ አረጋውያን አሉ። ካቴኪስቶች ሆይ፣ ወጣቶቹን ይዘን ወደ ቤታቸው እንሂድ፤ ጸሎት ማን እንዳስተማራቸው እንጠይቃቸው፤ ሲቀልዱም አብረን እንሳቅ። እግዚአብሔር ለሽማግሌው የሚሰጠው ሥራ አላለቀም፤ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ግን ያስፈልገዋል።