ሚኬላንጄሎና የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት

ሰው 70 ዓመት ሲያልፈው ኑዛዜውን ይጽፋል እንጂ አዲስ ግንብ አይጀምርም። ሚኬላንጄሎ ቡኦናሮቲ ግን የሮማው ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የሥራ አለቃ እንዲሆን በፓፓ ጳውሎስ ሣልሳዊ ሲታዘዝ 71 ዓመቱ ነበር። ሕንፃ ማነፅ ሙያዬ አይደለም ብሎ ቢለምንም አልተሰማለትም። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1475 ካፕሬዜ በምትባል መንደር ተወልዶ በፍሎሬንስ አደገ። ስሙን ያስጠሩት ከእብነ በረድ የፈለፈላቸው ምስሎችና በሲስቲና ጸሎት ቤት ጣራ ላይ የሣላቸው ሥዕሎች ናቸው፤ ይህን አንባቢ ያውቀዋልና እናልፈዋለን።

የባዚሊካው መሠረት የተጣለው በ1506 ነው። ብራማንቴ የነደፈው አራት እኩል ክንፍ ያለው፣ መካከሉ ላይ ጉልላት የሚደፋበት መስቀል ነበር። እርሱ በ1514 ከሞተ ወዲህ ተተኪዎቹ አንዱ የሌላውን ንድፍ ሲለውጥ 30 ዓመት አለፈ። አንቶኒዮ ዳ ሳንጋሎም 7 ዓመት የፈጀ ግዙፍ የእንጨት ሞዴል አሠርቶ በ1546 ሞተ። ሚኬላንጄሎ ሞዴሉን አይቶ ብርሃን የሌለው፣ ለሌባ መሸሸጊያ የሚሆን ጥጋጥግ የበዛበት ነው ሲል ነቀፈው። ነቅፎም አልቀረ፤ የተጀመረውን የውጭ ግድግዳ አስፈርሶ ወደ ብራማንቴ አሳብ ተመለሰ። የሳንጋሎ ሰዎች ጠላቶቹ ሆኑ። ልፋታቸው ቢያሳዝንም፣ ሕንፃውን አሳጥሮ ሊያልቅ የሚችል ሥራ ያደረገው እርሱ ነው።

ለዚህ ድካም ደመወዝ አልተቀበለም፤ የሚሠራው ለነፍሱ ብሎ ነበር። በ1557 ሽምግልና ከሥራው ቦታ ስላራቀው፣ የግንበኞቹ አለቃ የአንዱን ክንፍ ቅስት ጣራ አሳስቶ ሠራና ፈርሶ እንደገና ተጀመረ። እኛ አንዲት ድርሰት እንደገና ጻፉ ስንባል እናኮርፋለን፤ የ82 ዓመቱ ሽማግሌ ግን ኀፍረቱን ውጦ ቀጠለ። ወዳጆቹም ስለወተወቱት የጉልላቱን ሞዴል በእንጨት አሠርቶ ተወ።

የካቲት 18 ቀን 1564 ሲሞት ጉልላቱ የሚቀመጥበት ክብ ግንብ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ ጉልላቱን ግን አላየም። እርሱን ከ1588 እስከ 1590 ጥቂት ሾል አድርጎ የደፋው ጃኮሞ ዴላ ፖርታ ነው። የውስጡ ስፋት 42 ሜትር ያህል፣ እስከ መስቀሉ ጫፍ ያለው ከፍታ 136 ሜትር ያህል ነው። በኋላ ካርሎ ማዴርኖ የምሥራቁን ክንፍ አስረዘመውና ጉልላቱ በደጁ ለቆመ ሰው ተከለለ።

ጉልላቱን ሚኬላንጄሎ እንዳሰበው ለማየት የሚሻ ወደ ኋላ፣ ወደ ምዕራብ ይዙር። እዚያ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548ና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ሲያሳትሙ መኖሪያቸው በዚያ ነበር፤ የሽማግሌውን ጠራቢዎች መዶሻ ሳይሰሙ የዋሉበት ቀን ጥቂት ይመስለኛል።