ወለተ ጴጥሮስ

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ (እ.ኤ.አ. 1592–1642) በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቅድስትነት የምትከበር መነኩሲትና የገዳማት መሪ ናት። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን ተዋሕዶን አንለቅም ካሉት መካከል ስሟ ጎልቶ ይነሣል።

ትዳርና ምናኔ

አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ እበያ ይባላሉ፤ ወገኖቿ በደዋሮና በፈጠጋር ርስት የነበራቸው መኳንንት ነበሩ። በወጣትነቷ ለንጉሡ ባለሟል ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ልቧ ወደ ምንኩስና አደላ። በገድሏ እንደተጻፈው፣ ዛሬ ከእስቴና ከጋይንት ጋር በደቡብ ጎንደር ከሚገኘው ከስማዳ ተነሥታ ወደ ጣና አካባቢ ሸሸች። ባሏ ተከትሏት የተጠጋችበትን ከተማ ስላጠፋ ለጊዜው ተመለሰች።

እ.ኤ.አ. በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከንጉሡ ጋር በተደረገ ጦርነት ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስ ባሏ በነገሩ እጁ እንዳለበት ስታውቅ ትዳሯን ፈጽማ ተወች፤ ጠጉሯን ተላጭታም መነኮሰች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 25 ገደማ ነበር።

ስደትና አመራር

እንደ እርሷ ባሏን ትታ ከመነነችው ከእኅተ ክርስቶስ ጋር እስከ ዕለተ ሞቷ አብረው ኖሩ። ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡን እምነት በግልጽ በማውገዟ ተከሳ ለፍርድ ቀረበች፤ በኋላም ወደ ሱዳን ጠረፍ ለሦስት ዓመት ተጋዘች። ግዞቱ ግን አላስቆማትም፤ ተከታዮቿ እዚያው ተሰብስበው የመጀመሪያው ማኅበሯ ተመሠረተ። ከጊዜ በኋላ ማኅበራቱ ሰባት ደረሱ፤ ወንዶችም ሴቶችም ይኖሩባቸው ነበር። ሴት ልትመራ አይገባም ያሉ ሊቃውንት ቢነሡባትም አመራሯን አልተወችም። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 የተዋሕዶን እምነት ሲመልሱ እርሷ በሕይወት ነበረች።

ዕረፍትና መታሰቢያ

ወለተ ጴጥሮስ ታማ በ50 ዓመቷ ኅዳር 17 ቀን አረፈች። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ፣ የሚያውቋት የነገሩትን ሰብስቦ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በቆራጣ በስሟ የተመሠረተው ገዳም የንጉሥ ቁጣ ለሚፈሩ ሰዎች መማጸኛ ሆኖ ኖሯል። በዓሏም በየዓመቱ ኅዳር 17 ይታሰባል።