ስለ ሰላም የተናገረ የሕዝብ እንደራሴ፤ የጆን ብራይት ታሪክ

ጆን ብራይት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1811 ዓ.ም. በኅዳር ወር በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሮችዴል በዚያ ጊዜ ጥጥ የሚፈተልባትና ጨርቅ የሚሠራባት ከተማ ነበረች። የጆን አባት ጄኮብ ብራይት የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ነበረው። ጆንም ጥቂት ዓመት በትምህርት ቤት ከቈየ በኋላ በ15 ዓመቱ ወደ አባቱ ፋብሪካ ገብቶ ሥራ ጀመረ። ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ነገር ግን መጻሕፍትን፥ ይልቁንም መጽሐፍ ቅዱስን፥ ተግቶ ያነብ ስለ ነበር ንግግሩ የሠመረ ሰው ሆነ።

ቤተ ሰቡ የወዳጆች ማኅበር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነበሩ። ሌሎች ሰዎች እነዚህን ኩዌከር ብለው ይጠሯቸው ነበር። ኩዌከሮች ለጸሎት በተሰበሰቡ ጊዜ በዝምታ ይቀመጡ ነበር፤ መንፈስ ያነሣሣው ሰው ሲኖር ግን ተነሥቶ ይናገር ነበር። የእውነተኛ ሰው ቃል ያለ መሐላ ይበቃል ብለው አይምሉም ነበር። የእግዚአብሔር ብርሃን በሰው ሁሉ ልብ አለ ብለው ስላመኑም ጦር መሣሪያ ይዞ ሰው መግደልን ይከለክሉ ነበር።

ይህ ማኅበር ጆን ከመወለዱ 150 ዓመት ያህል አስቀድሞ በተነሣ ጊዜ ብዙ መከራ ደርሶበት ነበር። ከጆን አያቶች አንዱ ጆን ግራተን የተባለው ሰው ስለ ሃይማኖቱ በደርቢ ከተማ ወኅኒ ቤት ብዙ ዘመን ታስሮ ኖረ። ይህም ታሪክ በብራይት ቤት ለልጆች ይነገር ነበር። በጆን ዘመን እስራቱ ቀርቶ ነበር፤ ነገር ግን ግፉ ፈጽሞ አልጠፋም። የመንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን ለማደስ የሚከፈል ግብር ነበረና፥ በዚያች ቤተ ክርስቲያን የማይጸልይ ሰው እንኳ እንዲከፍል ይገደድ ነበር። ጄኮብ ብራይት ይህን ግብር አልከፍልም ስላለ ዕቃው እየተያዘ ተወሰደበት። ጆንም ካደገ በኋላ በ1840 ዓ.ም. በሮችዴል ስለዚህ ግብር ሕዝብ በተሰበሰበ ጊዜ፥ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለ በአንድ መቃብር ድንጋይ ላይ ቆሞ ተናገረ። ሰው ለማያምንበት አምልኮ በግድ ገንዘብ መክፈል የለበትም፤ ቤተ ክርስቲያንም የምትከበረው ምእመናንዋ በፈቃዳቸው ሲሰጡ ነው ብሎ አስረዳ። ግዴታው ግን በሕግ የቀረው ከብዙ ዓመት በኋላ በ1868 ዓ.ም. ነው።

በ1841 ዓ.ም. ታላቅ ኀዘን መጣበት። ሚስቱ ኤልሳቤጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፤ አንዲት ትንሽ ልጅም ተወችለት። ጆን በኀዘን ተቀምጦ ሳለ ሪቻርድ ኮብደን የተባለው ወዳጁ ሊያጽናናው መጣ። ኮብደንም በዚያች ሰዓት በብዙ ቤት ሚስቶችና ልጆች በረኃብ እየሞቱ እንደ ሆኑ፥ ኀዘኑ ሲቀልለት ተነሥቶ አብሮት እንዲሠራ ለመነው። በዚያ ዘመን ከውጭ አገር በሚመጣ እህል ላይ ከባድ ቀረጥ ተጥሎ ነበርና ለድኻው እንጀራ ተወድዶበት ነበር። ሁለቱ ወዳጆች ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ሕዝቡን አስተማሩ። በ1846 ዓ.ም. የእንግሊዝ ምክር ቤት ያን ሕግ ሻረው። ጆን ብራይትም በ1843 ዓ.ም. የደርሃም፥ በ1847 ዓ.ም. ደግሞ የታላቂቱ የማንችስተር ከተማ እንደራሴ ሆኖ ተመርጦ ነበር።

ብዙ ሰው በተገፋ ጊዜ ስለ ራሱ ነጻነት ይጮኻል፤ ነጻነቱን ካገኘ በኋላ ግን ባልንጀራውን ይረሳል። ብራይት እንዲህ አላደረገም። በ1847 ዓ.ም. የለንደን ሰዎች ሊዮኔል ዴ ሮትሺልድ የተባለውን አይሁዳዊ እንደራሴ አድርገው መረጡ። ነገር ግን እያንዳንዱ እንደራሴ በክርስቲያን ሃይማኖት እንዲምል ሕጉ ያዝዝ ስለ ነበር ሮትሺልድ በወንበሩ እንዳይቀመጥ ተከለከለ። ብራይት ሃይማኖቱ ከአይሁድ ሃይማኖት የተለየ ሲሆን ስለ እነርሱ ተከራከረ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1858 ዓ.ም. ሕጉ ተለወጠና ሮትሺልድ በምክር ቤቱ ተቀመጠ። ዳግመኛም በአየርላንድ የሚበዛው ሕዝብ ካቶሊክ ሲሆን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የተባለችው የጥቂቶቹ ነበረች። ብራይት ይህ አድልዎ እንዲቀር ብዙ ዘመን ሲናገር ኖሮ በ1869 ዓ.ም. በሕግ ቀረ።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን በጦርነት ጊዜ መጣበት። በኢየሩሳሌምና በቤተ ልሔም ስላሉት ቅዱሳት ቦታዎችና በቱርክ ግዛት ስላሉት ክርስቲያኖች ጠባቂነት በሩስያና በሌሎች መንግሥታት መካከል ክርክር ተነሣ። ክርክሩም ወደ ጦርነት ደረሰ፤ በ1854 ዓ.ም. በመጋቢት ወር እንግሊዝና ፈረንሳይ ቱርክን ረድተው በሩስያ ላይ ጦርነት አወጁ። ዋናው ውጊያ የተደረገው ክሪምያ በሚባለው አገር ነው። የእንግሊዝ ሕዝብ በቍጣ ተነሣ፤ ጋዜጦችም ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ ጦርነት ጻፉ።

ብራይትና ኮብደን ግን ጦርነቱን ተቃወሙ። ብራይት በምክር ቤቱ ሲናገር ሃይማኖቱን ምክንያት አድርጎ ሌሎቹ ያለ ምርመራ እንዲቀበሉት አልጠየቀም። ከሚሰሙት የሚበዙት የእርሱ ማኅበር ሰዎች እንዳልነበሩ ያውቅ ነበርና፥ መንግሥታቱ የተጻጻፉትን ደብዳቤ መርምሮ፥ ክርክሩ በመነጋገር ሊያልቅ ይችል እንደ ነበረ በማስረጃ አሳየ። እርሱን የሚያስነሣው ሃይማኖቱ ነበረ፤ ለሌሎች ያቀረበው ግን ሰው ሁሉ ሊመዝነው የሚችለውን ነገር ነው።

በ1855 ዓ.ም. በየካቲት ወር፥ ወታደሮች በክሪምያ በብርድና በበሽታ ሲያልቁ፥ ብራይት ዳግመኛ ተነሥቶ ተናገረ። የግብፅ በኵር ሁሉ ያለቀበትን ሌሊት አስታወሰ፤ ሞት በባለጸጋውና በድኻው ቤት ያለ ልዩነት እየገባ መሆኑን ገለጸ፤ ሚኒስትሮቹም እርቅን እንዲፈልጉ ለመነ። ምክር ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማው፤ ጠላቶቹም እንኳ ልባቸው ተነካ። ጦርነቱ ግን እስከ 1856 ዓ.ም. ድረስ አልቆመም። በዚያ ጦርነት ከሞቱት የእንግሊዝ ወታደሮች የሚበዙትን የገደላቸው ጥይት አይደለም፤ በሽታ ነው።

ስለዚህ ንግግሩ ብዙ ሰዎች ጠሉት። አገሩን የማይወድ፥ ለጠላት የሚያደላ ነው እያሉ ሰደቡት፤ በእርሱ አምሳል ምስል ሠርተውም አቃጠሉ። ከድካምና ከኀዘን የተነሣ በ1856 ዓ.ም. ታመመ፤ ለማረፍም ወደ ውጭ አገር ሄደ። በኢጣልያ ሳለ በ1857 ዓ.ም. የማንችስተር መራጮች እንደ ተዉት ሰማ። ወዳጁ ኮብደንም በዚያው ጊዜ ሳይመረጥ ቀረ።

ጥቂት ወራት ብቻ ካለፉ በኋላ ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የበርሚንግሃም ከተማ ሰዎች ብራይትን ያለ ተቀናቃኝ መረጡት። እርሱ ገና ከሕመሙ አልዳነም ነበር። መራጮቹ የሚበዙት ኩዌከሮች አልነበሩም፤ ስለ ጦርነቱም ሁሉም እንደ እርሱ አላሰቡም ነበር። ነገር ግን የልቡን እውነት የማይሸጥ ሰው ከሕዝብ ጋር እየጮኸ ከሚሄድ ሰው እንደሚሻል አሰቡ። ከዚያ ወዲያ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ከ31 ዓመት በላይ የበርሚንግሃም እንደራሴ ሆኖ ኖረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፥ ዘመን ባለፈ ጊዜ ብዙ እንግሊዞች ስለዚያ ጦርነት የብራይት ነገር ትክክል እንደ ነበረ ተናገሩ።

ብራይት ግን ስሕተት የሌለበት ሰው አልነበረም። በ1847 ዓ.ም. ሴቶችና ወጣቶች በፋብሪካ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ የሚያዝዝ ሕግ በወጣ ጊዜ ተቃውሞት ነበር። እርሱ ራሱ ባለ ፋብሪካ ነበረና የሠራተኞቹን ድካም በሚገባ አላየም። ስለዚህ ደግ ሰውን የሚረዳ ሰው መልካሙን ሥራ ሊደግፍ፥ ስሕተቱንም ስሕተት ነው ሊል ይገባዋል።

በ1861 ዓ.ም. በአሜሪካ ስለ ባርነት የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ጥጥ ከዚያ መምጣቱ ስለ ቀረ በሮችዴልና በአካባቢዋ ፋብሪካዎች ተዘጉ፥ ሠራተኞችም ተራቡ። ብራይት ጥቅሙ ቢጐድልበትም ባርነትን ከሚጠብቁት ወገን አልቆመም፤ እንግሊዝም በዚያ ጦርነት እንዳትገባ አጥብቆ ተናገረ።

በ1868 ዓ.ም. ግላድስተን ጠቅላይ ሚኒስትር በሆነ ጊዜ ብራይትን የንግድ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። ከኩዌከሮች ወገን በእንግሊዝ አገር ሚኒስትር የሆነ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያም ሃይማኖቱን አክብራ እንደ ሌሎቹ እንዳይንበረከክ ፈቀደችለት።

በ1882 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የእንግሊዝ መርከቦች የግብፅን ከተማ እስክንድርያን በመድፍ ደበደቡ። ብራይት በዚያን ጊዜ ዳግመኛ በግላድስተን መንግሥት ሚኒስትር ነበረ። ዕድሜው ሰባ ዓመት አልፎት ነበር፤ ግላድስተንም የረጅም ጊዜ ወዳጁ ነበረ። ዝም ቢል ሹመቱን ይዞ በክብር ሊኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን ይህ ሥራ ከጽድቅ የራቀ ነው ብሎ ሹመቱን ተወ። ወዳጁንም አልሰደበም፤ ምክንያቱን በጥቂት ቃል ተናግሮ ወጣ።

ጆን ብራይት በ1889 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በተወለደባት ከተማ ሞተ። የተቀበረውም በነገሥታትና በመኳንንት መቃብር አይደለም፤ በሮችዴል ባለው በወዳጆች ማኅበር የጸሎት ቤት ግቢ ውስጥ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ሰው ሁሉ በአንድነት በተቈጣ ጊዜ ቆም ብሎ ነገሩ እውነት ነውን ብሎ መጠየቅ ከባድ ነው። ብቻውን ከቆመ እውነተኛ ሰው አጠገብ መቆምም እንዲሁ ከባድ ነው፤ የበርሚንግሃም ሰዎች ግን አደረጉት። እናንተም ሃይማኖታችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ለሃይማኖታችሁ የምትፈልጉትን ነጻነትና ክብር ደግሞ ሃይማኖቱ ከእናንተ ለተለየው ባልንጀራችሁ አትንፈጉት።