ሁጎ ዩንከርስ፤ ከውኃ ማሞቂያ እስከ ብረት አውሮፕላን

በሴፕቴምበር 1929 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ያረፈው ዩንከርስ ደብልዩ 33 ኢትዮጵያ ያገኘችው ሁለተኛው አውሮፕላን ነበር፤ የፈረንሳዩ ፖቴዝ 25 በጥቂት ሳምንታት ቀድሞታል። ፖቴዙ በጨርቅ የተለበጡ፣ በምሰሶና በሽቦ የተያያዙ ድርብ ክንፎች ነበሩት። ዩንከርሱ ግን ሁለንተናው ብረታ ብረት፣ ክንፉም ያለ ውጭ ድጋፍ የቆመ ነጠላ ክንፍ ነው። ይህን ልዩነት በአብዛኛው የፈጠረው የአንድ መሐንዲስ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

ሁጎ ዩንከርስ በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1859 በጀርመን፣ ራይት ከተማ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ቤተሰብ ተወለዱ። በበርሊን፣ በካርልስሩኸና በአኸን ተምረው በ1888 ደሳው ወደሚገኝ የጋዝ ኩባንያ ገቡ። በዚያም ጋዝ ሲቃጠል የሚሰጠውን ሙቀት በሚፈስ ውኃ አማካይነት የሚለካ ካሎሪሜትር ፈለሰፉ፤ በ1895 ባቋቋሙት ድርጅትም የገላ መታጠቢያ ውኃ ማሞቂያ ማምረት ጀመሩ። በ1897 በአኸን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆኑ። ይህን ዘመን ከአውሮፕላን በፊት እንዳለፈ ትርፍ ጊዜ መቁጠር ስሕተት ይሆናል። ነዳጅ በከንቱ የሚጠፋበትን ቀዳዳ ፈልጎ መድፈን ኋላ በአውሮፕላን ላይ ያዋሉት ስልት ነውና።

የመጀመሪያው ቀዳዳ የአየር ተቃውሞ ነበር። በ1910 ሞተሩን፣ ጭነቱንና ሰዉን በውስጡ የሚይዝ ወፍራም ክንፍ በስማቸው አስመዘገቡ። በዲሴምበር 12 ቀን 1915 የበረረው ጄ 1 ምሰሶም ሽቦም አልነበረውም፤ ነገር ግን ከአረብ ብረት ሉህ በመሠራቱ ከባድ ሆነ፤ ከፍታ ለመያዝም ዘገየ። ስለዚህ ወደ ቀላሉ የአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ወደ ዱራሉሚን ተሻገሩ። ስሱን ሉህ ለማጠንከር የመረጡት መላ ለፈረስ ቤትና ለፍኖተ ሰላም ነዋሪ እንግዳ አይደለም፤ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሳይወፍር በሽንሽኑ እንደሚጠነክር ሁሉ የአውሮፕላኑም ገላ ተሸነሸነ። በዚህ ዓይነት የተሠራው ኤፍ 13 በጁን 25 ቀን 1919፣ የቬርሳይ ውል ሊፈረም ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አራት መንገደኞች የሚይዝ የተዘጋ ክፍል ይዞ በረረ። በዓለም የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከብረታ ብረት የተሠራ የመንገደኞች አውሮፕላን ሲሆን፣ ከ300 በላይ ተመርቷል።

ሽንሽኑ ከበረራው አቅጣጫ ጋር ስለተዘረጋ አየሩን አያግድም ተብሎ ነበር። ይሁንና አየሩ የሚነካውን ገጽ አሰፋ፤ አየሩም ሽንሽኑን ተከትሎ ብቻ አይፈስስም። ክብደት የቆጠበው መላ በተቃውሞ በኩል ነዳጅ አስከፈለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ የጀመረባቸው ዳግላስ ሲ-47 አውሮፕላኖች ለስላሳ ገላ ነበራቸው፤ በ2012 የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ የአካሉ ክብደት ግማሽ ያህሉ በዋናነት ከካርቦን ክርና ከሙጫ የተዋሐደ ነው። ቅለትንና ልስላሴን አንድ ላይ ለማግኘት ይህን ያህል ዘመን ፈጅቷል።

በሞተር በኩል ዩንከርስ ወደ ወጣትነት ጥናታቸው ተመለሱ። ዩሞ 205 በተባለው የናፍጣ ሞተር ውስጥ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይሠራሉ፤ ቴስታታ ስለሌለው በዚያ በኩል ይባክን የነበረው ሙቀት ይቀራል። ሞተሩ ለረጅም ጉዞ ነዳጅ ቆጣቢ ነበር፤ ለፈጣን የኃይል ለውጥ ግን አይመችም።

ከውኃ ማሞቂያው የሚገኘው ትርፍ የአውሮፕላኑን ምርምር ሲደጉም ኖሯል። በ1932 በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ይህ ድርጅት ለቦሽ ተሸጠ። በ1933 ሥልጣን የያዘው የናዚ መንግሥት የፈጠራ መብታቸውንና የአውሮፕላን ፋብሪካቸውን አብላጫ አክሲዮን በግዳጅ ወሰደ፤ እርሳቸውንም ከደሳው አግዶ በቁም እስር አቆያቸው። በ76ኛ የልደት ቀናቸው፣ በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1935፣ ሙኒክ አጠገብ በምትገኘው ጋውቲንግ አረፉ። ስማቸውን ይዘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ የጣሉት ዩንከርስ 87 እና 88 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረሩት ከዚያ በኋላ ነው።