እቴጌ ጣይቱ፣ ነጋዴውና የአክሲዮን ማኅበራቸው

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ የአንድ የቀድሞ ሰው ታሪክ ማቅረብ ልማድ አድርገነዋል። ዘንድሮ የመረጥነው የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ነው። ስለ እሳቸው ያልተባለ ምን ቀረና የሚል አባል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስለ ዐድዋና ስለ መቀሌው ምንጭ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማሩታል። እኛ ልናነሣ የፈለግነው ግን ብዙ የማይወራለትን፣ ሰው ገንዘቡን በጋራ አዋጥቶ እንዲሠራ ያደረጉትን ሙከራ ነው። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን የእድሩ ገንዘብ ከቀብር ሌላ ለምን ይዋል በሚለው ላይ ፀሐይ እስክትጠልቅ ስንከራከር ስለ ዋልን፣ ነገሩ ከራሳችን ጉዳይም የራቀ አይደለም።

ስሜኖች እቴጌ የእኛ ናቸው ይላሉ፤ የጁዎችም እንዲሁ፤ እኛ ደብረ ታቦሮችማ አንለቅም። እንደ እውነቱ ከሆነ ማንም አልተሳሳተም። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜኑ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ሲሆኑ፣ በሴት አያታቸው በኩል ግን የዘር ሐረጋቸው ይህችን ከተማ ከቆረቆሯት ከየጁው ራስ ጉግሣ ይደርሳል። የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌም ቢሆኑ በጌምድርን የገዙት እዚሁ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ነው።

በዚያ ዘመን የእኛ አገር የነጋዴ መተላለፊያ ነበር። ከጎጃም ባሶ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ በጎንደር አልፎ ወደ ዐድዋና ወደ ምጽዋ ይወርዳል። በጣና ምሥራቅ በኩል የይፋግ ገበያ ስሙ የታወቀ ነበር፤ በአቅራቢያው ያለችው ደሪጣ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ከተማ ነበረች። መገበያያው አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ነጋዴ ብቻውን አይጓዝም። ሽፍታው አለ፣ በየወንዙ ማዶ ኬላው አለ፣ በረሃው አለ። ስለዚህ ተሰባስቦ ይነሣል፣ አብሮ ይሰፍራል፣ አለቃም ይኖረዋል። ነጋድራስ የሚባለው ሹም ቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ አልነበረም፤ የነጋዴው ራስ፣ ሲጣሉም ዳኛቸው ነበር። እንግዲህ የእኛ እድር በአንድ ዳኛና በአንድ ገንዘብ ያዥ ሲተዳደር አዲስ ነገር የፈጠርን ይመስለናል እንጂ፣ አብሮ የመነሣቱ ልማድ ለአገራችን ሰው የቆየ ነው።

ይሁንና በመኳንንቱ ቤት ንግድ የተናቀ ሥራ ነበር። ጌታ ሰው ያበላል እንጂ አይሸጥም። እቴጌ ጣይቱም ያደጉት በዚሁ ወግ ነው። በ1875 ዓ.ም የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አግብተው፣ በጥቅምት 1882 ዓ.ም በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ግብር ማብላቱን ተክነውበት ነበር። በመስከረም 1880 ዓ.ም ያቺው ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ ለቀናት የቆየውን ግብር ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ወዲያው ደግሞ ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ በሬ ጠፋ፣ አጤ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እስከ መቆፈር ደረሱ። ለረሃብተኛ ከቤተ መንግሥት ምግብ ይሰጥ ነበር። ግን የአንድ ቤት ጎተራ ምን ያህል ሰው ይመግባል!

ሆቴሉን የከፈቱት በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። የውጭ አገር ሰው ወደ አዲስ አበባ መጉረፍ ጀምሮ ነበርና ማደሪያ አስፈለገ። ለመኳንንቱ ግን ጉዳዩ ግራ ሆነባቸው። እንጀራ በገንዘብ? ያውም በእቴጌይቱ ቤት? መጀመሪያ ላይ ገበያው ቀዝቅዞ ሳለ አጤ ምኒልክ ሹማምንቱን አስከትለው ገብተው በሉ፤ ሲያበቁም ከፍለው ሌላውንም አስከፈሉ ይባላል። እኛ ይህን ስንሰማ ሁልጊዜ ያስቀናል፤ ሰውን ከነውሩ ለማላቀቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አናውቅም። ያ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም ቃጠሎ ጎድቶታል።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው። በየካቲት 1898 ዓ.ም የአቢሲንያ ባንክ ሥራ ጀመረ። ይህ ዛሬ በስሙ ከሚጠራው የግል ባንክ ጋር እንዳይምታታብን፤ ያኛው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ቅርንጫፍ ያህል ሲሆን የተሰጠው የውል ዘመንም 50 ዓመት ነበር። የአገሩ ገንዘብ ቁልፍ በውጭ ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። እቴጌይቱ ይህ አልተዋጠላቸውም። ተቃውሞ በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን በ1901 ዓ.ም ገደማ ሀብቱ ሙሉ በሙሉ የኢትዮጵያውያን የሆነ፣ ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ የቆመ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። አሠራሩ ቁጠባ መሰብሰብና ማበደር ነው። አባሉ የየራሱን ድርሻ ያስገባል፤ የተጠራቀመው ለሚያርስና ለሚነግድ ይበደራል። ቀድሞ ሲራራ ነጋዴው ለመንገዱ ሲል ያደርገው የነበረውን አብሮ መነሣት፣ እሳቸው ለካፒታል አደረጉት ብንል አልተጋነነም።

ማኅበሩ ግን ሥር አልሰደደም። ለምን? የእኛ ግምት ይህ ነው። ባለድርሻው መኳንንት፣ ዋልታው ቤተ መንግሥት ነበር። አጤ ምኒልክ በሕመም ወድቀው ነበርና ቤተ መንግሥቱ ራሱ በሁለት ጎራ ተከፈለ። እቴጌይቱ ዘመዶቻቸውን ይሾማሉ፣ ሥልጣን ሁሉ ወደ ሰሜን ሰው ሊሄድ ነው የሚል ቅሬታ በሸዋ መኳንንት ዘንድ በረታ። ቅሬታው ከነአካቴው መሠረት የለውም አንልም፤ ዘመድ መሾማቸው እውነት ነው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም መኳንንቱና መሐል ሰፋሪው አንድ ሆነው ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡ፣ የታመሙ ባለቤታቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አደረጓቸው። በአንድ ማጀት ላይ የቆመ ማኅበር ማጀቱ ሲፈርስ ምን ይሆናል? እኛ እንኳ ባለፈው ስብሰባ ገንዘብ ያዡ ለሁለት ወር ቢታመም ማን ይተካ የሚለውን ሳንወስን ነው የተበተንነው።

አጤ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም አረፉ፤ እቴጌ ጣይቱም ወደ እንጦጦ ተልከው በማርያም ደብር አጠገብ ተቀመጡ። በ1910 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፦ ወደ ጎንደር ሄጄ የቀረውን ዕድሜዬን እዚያ ልጨርስ የሚል ነበር። አልተፈቀደላቸውም። የፈሩት ሴትየዋን ይሁን ስማቸውን፣ ብቻ ከለከሏቸው። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም እዚያው እንጦጦ ላይ አረፉ።

በእድራችን የአባል አስከሬን ከሌላ አገር ለማምጣት የሚወጣውን ገንዘብ ይበዛል የሚሉ አሉ። ያን ጊዜ ለእቴጌይቱ ገንዘቡ አልጠፋም፤ የጠፋው ፈቃዱ ነው። ዐጽማቸው ዛሬ ያለው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም፣ ከባለቤታቸው አጠገብ ነው። ለጉዳይ ወደዚያ የሚወርድ አባል ጊዜ ካገኘ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ናትና ገብቶ ይሳለም።