የማርያም መቀነትን ቀለም የፈታው የገበሬ ልጅ

ደምበጫ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ በምሥራቅ በኩል የማርያም መቀነት ይዘረጋል። ልጆች ቀለሙን ማን እንደቀባው፣ እግሩ የት እንደሚያርፍ ይጠይቃሉ። ብዙዎቻችን መልሱ ሲጠፋን ዝም እናሰኛቸዋለን። ዛሬ ይህን ጥያቄ ይዞ ያደረ አንድ ሰው እናስተዋውቃችሁ፤ አይዛክ ኒውተን ይባላል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኒውተን በ1642 እንግሊዝ አገር፣ ዉልስቶርፕ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ስሙን እንኳ መጻፍ የማይችል ገበሬ ነበር፤ ልጁ ከመወለዱ ሦስት ወር ቀድሞ ሞተ። እናቱ ሌላ ባል ስታገባ ከአያቱ ጋር ቀረ። ጎረምሳ ሲሆን ደግሞ እናቱ ከትምህርት ቤት አውጥታ እርሻ ላይ አሰማራችው። እሱ መጽሐፍ ላይ ሲያፈጥ በጎቹ የሰው ማሳ ይገባሉ። በመጨረሻ አጎቱና የትምህርት ቤቱ ኃላፊ እናቱን ለምነው ወደ ትምህርቱ መለሱት። በ1661 ካምብሪጅ ገባ፤ መጀመሪያ ላይ ሀብታም ተማሪዎችን እያገለገለ ነው የተማረው።

በ1665 ወረርሽኝ ገባና ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። የ22 ዓመቱ ኒውተን ወደ መንደሩ ተመለሰ፤ ግን መጠየቁን አላቆመም። ብርሃንን በፕሪዝም፣ ማለትም በሦስት ማዕዘን መስታወት መመርመር የጀመረው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ያኔ ብዙ ሊቃውንት ነጭ ብርሃን ንጹሕ ነው፣ ቀለም የሚሰጠው መስታወቱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ኒውተን ክፍሉን አጨልሞ በመስኮቱ መዝጊያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጀ። የገባው ጨረር በፕሪዝሙ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ተዘረጋ። ከዚያ አንዱን ቀለም ብቻ ለይቶ በሌላ ፕሪዝም አሳለፈው፤ ቀለሙ አልተለወጠም። ስለዚህ መስታወቱ ቀለም አይጨምርም። ቀለሞቹ ቀድሞም ነጩ ብርሃን ውስጥ አሉ፤ መስታወቱ እያንዳንዱን በተለያየ መጠን አጥፎ ይለያቸዋል እንጂ።

የዝናብ ጠብታም እንዲሁ ነው። ብርሃኑ ሲገባ ይታጠፋል፣ ከጠብታው ጀርባ ነጥሮ ይመለሳል፣ ሲወጣ እንደገና ይታጠፋል። ይህን መንገድ የፋርሱ ሊቅ ካማል አል-ዲን አል-ፋሪሲና ፈረንሳዊው ደካርት ቀድመው አሳይተው ነበር፤ የቀለሞቹን ምስጢር የፈታው ኒውተን ነው። ቀዩ በ42 ዲግሪ፣ ሐምራዊው በ40 ዲግሪ ገደማ ስለሚመጣ ቀዩ ከላይ ይታያል። ቀስቱ ራሱ የሚነካ ነገር አይደለም፤ ከጠብታዎቹ ወደ ዓይናችን የሚመጣ ብርሃን ነው። ለዚህ ነው ስንጠጋው የሚሸሸን።

ግኝቱን በ1672 ይፋ ሲያደርግ ሮበርት ሁክን የመሰሉ ሊቃውንት ተከራከሩት። ስለ ብርሃን የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው በ1704፣ ሁክ ከሞተ በኋላ ነው። በ1727 አረፈ። ዕድሜውን ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስን አጥብቆ ያጠና ሰው ነበር፤ ጥያቄው ከእምነቱ አላወጣውም።

ዛሬ በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ትምህርት ቤቱን የሚተካ ባይኖርም፣ የልጆቹ ጥያቄ ግን እስኪከፈት አይጠብቅም። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ልጁ ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጨለም ወዳለ ጥላ አንድ ጉንጭ ውሃ በአፉ ቡፍ ያድርግ። ትንሿን የማርያም መቀነት ያያል። ቀለሙ ከየት እንደመጣ ከዚያ በኋላ አብራችሁ አውሩ።