የሩማንያዋ ኤካቴሪና ቴዮዶሮዩ

ኤካቴሪና ቴዮዶሮዩ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሩማንያ አገር፥ ያን ጊዜ ከትርጉ ዢዩ ከተማ አጠገብ በነበረችው በቨዴኒ መንደር፥ ከገበሬ ቤት ተወለደች። ወላጆቿ ልጆች የበዙባቸው ሰዎች ቢሆኑም ትምህርቷን አላስቀሩባትም፤ በትርጉ ዢዩ ተምራ በቡካሬስት ቀጠለች። ዐሳቧም አስተማሪ ለመሆን ነበረ። ይህ መጽሐፍ የመምህራን እንደ መሆኑ፥ ይህን ነገር ከጀግንነቷ አስቀድመን ማንሣታችን ተገቢ ነው።

ሩማንያ ሁለት ዓመት ያህል ከጦርነቱ ርቃ ከቈየች በኋላ በነሐሴ 1916 ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ወገን ሆና ገባችበት። ጀርመኖችም ሳይዘገዩ በዢዩ ሸለቆ በኩል መጡ። በጥቅምት ወር የባቫርያ ወታደሮች ከትርጉ ዢዩ ድልድይ በደረሱ ጊዜ የከተማው ሕዝብ ራሱ ወጥቶ መለሳቸው፤ የስካውት አባልና የቍስለኞች አስታማሚ የነበረችው ኤካቴሪናም በመካከላቸው ነበረች።

ወንድሟ ኒኮላዬ በ18ኛው የእግረኛ ጦር ክፍል የሃምሳ አለቃ ስለ ነበረ፥ ከእርሱ ጋራ ለመሰለፍ ለምና ተፈቀደላት። ጥቂት ቀናት ቈይቶ ኒኮላዬ በጦር ሜዳ ወደቀ። ብዙ ጸሐፊዎች የሀገር ፍቅሯን ብቻ ያወድሳሉ፤ እኛ ግን የእኅትነት ሐዘኗን መርሳት ልክ አይመስለንም፤ የወንድሟን ቦታ ለመተካት የቈረጠችው ከዚያ ወዲህ ነውና። ተማርካ አመለጠች፤ በኅዳር ወርም የመድፍ ፍንጣሪ ሁለቱን እግሮቿን አቈሰላት። ቡካሬስት በጠላት እጅ ስትወድቅ እርሷ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል እየተዛወረች እስከ ያሺ ደረሰች።

በ1917 መጀመሪያ ከሆስፒታል የወጣችው ለአስታማሚነት ነበረ፤ ነገር ግን ወደ ጦሩ ተመለሰች። ንጉሥ ፈርዲናንድ የክብር ምክትል መቶ አለቃነት ሰጥቷት 25 ወታደሮች እንድታዝ ተደረገ። ማዕርጉ የክብር ይባል እንጂ ወታደሮቹ የተከተሏት እውነተኛ ጥይት ወደሚዘንብበት ስፍራ ነው። (ያን ጊዜ የሩማንያ ሴት በምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት እንኳ እንዳልነበራት ልብ ይሏል።)

በዚያው ዓመት በጋ በመረሸሽቲ ግንባር ታላቅ ውጊያ ሆነ። የክፍለ ጦሩ አዛዥ ጄኔራል ብሮሽቴያኑ ከኋላ በሚገኘው የጦር ሆስፒታል እንድትቈይ ጠየቃት፤ የጄኔራሉ ዐሳብ የርኅራኄ ነበረ፥ የሚነቀፍም አይደለም። እርሷ ግን ወታደሮቿን ትታ መቅረትን እንቢ አለች። በነሐሴ መጨረሻ፥ በሴኩሉይ ኮረብታ ላይ ወታደሮቿን እየመራች ሳለ በመትረየስ ተመትታ ሞተች። ዕድሜዋ 23 ዓመት ነበረ፤ እንዳሰበችው አስተማሪ ለመሆንም አልታደለችም።

በጦር ግንባሩ አቅራቢያ የተቀበረው ዐፅሟ በ1921 ወደ ትርጉ ዢዩ ተወሰደ። በመቃብሯም ላይ ሴቲቱ ቀራፂ ሚሊጻ ፔትራሽኩ የሠራችው ሐውልት ቆመ። በ2021 የሩማንያ ብሔራዊ ባንክ ምስሏን በ20 ሌይ ገንዘብ ላይ ሲያትም፥ በአገሩ የወረቀት ገንዘብ ላይ ምስሏ የወጣላት የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆነች።